ብልቃጧን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ

የተከፈተ ኢንሱሊን ብዙውን ጊዜ ከ28 ቀን በላይ አይወጋም ሲሉዎት ጆሮ አይስጡ። ብልቃጧ 10 ሚሊ ሊትር፣ 1000 ዩኒት ይዛለች። በቀን 20 ዩኒት ለሚወጋ ሰው 50 ቀን ትበቃለች። በ28ኛው ቀን 440 ዩኒት ሊደፉ? ምን በወጣዎ! ይልቅ ይህን ይያዙ።

አንደኛ፦ ካርቶኑ ላይ የታተመውን ቀን ብቻ ይመኑ። ያ ቀን ላልተከፈተችና ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ ለከረመች ብልቃጥ መሆኑን ይርሱት። እሱም ካለፈ በእኛ ዘመን አቆጣጠር ያንብቡት፤ ሰባት ስምንት ዓመት ምርቃት ያገኛሉ።

ሁለተኛ፦ እንድትቆይልዎ የፍሪጁ በረዶ ቤት ውስጥ ይክተቷት። ሥጋስ እንዲያ አይደል የሚከርመው? አንዴ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም እንደማይረባ ቢነግሩዎ አይመኑ። ፍሪጅ ከሌለ ፀሐይ የሚመታው መስኮት አለ፤ በእርጥብ አሸዋ የተከበበ የሸክላ ማሰሮ የድሃ ነገር ነው፣ ይናቁት።

ሦስተኛ፦ በዓይን ይፍረዱ። የጠራው ኢንሱሊን እንደጠራ ከሆነ ኃይሉም አለ ይበሉ፤ ኃይሉ ሲያልቅ መልኩን ላይለውጥ እንደሚችል ማን አየ? እንደ ወተት የነጣው በመዳፍ መካከል ተንከባሎ አልዋሐድ ካለ፣ በብልቃጧም ውስጥ ነጭ ቅንጣት ከተለጠፈ፣ «ጠንከር ያለ ነው» ብለው ይውጉት።

አራተኛ፣ ዋናው፦ ስኳርዎ 300 ሲገባ ብልቃጧን ሳይሆን ትናንት የበሉትን ይጠርጥሩ። ሐኪም ሳያማክሩም ይጨምሩ፤ 20 የነበረው 24፣ ቀጥሎ 30 ይሁን። ጥሙን፣ የሽንቱን ምልልስ፣ ማስመለሱን «ብርድ መቶኝ ነው» ይበሉት። አዲስ ብልቃጥ የከፈቱ ዕለት ደግሞ ያንኑ 30 ይውጉ። ሙሉ ኃይል ያለው መድኃኒት ስኳርዎን ቁልቁል ሲያወርደው፣ ላብ አጥምቆ ሲያንቀጠቅጥዎ፣ ጎረቤት «ቡዳ ነው፣ ጭስ አምጡ» ይላል፤ ስኳር ያለው ውሃ የሚያስታውስ አይገኝም።

አምስተኛ፦ ፋርማሲስት አይጠይቁ። የእርስዎ ዓይነት ስንት ቀን እንደሚቆይ (አንዳንዱ እስከ 42 ነው)፣ ጥቂት ለሚወጋም 3 ሚሊ ሊትር የሚይዘው እንደሚሻል ሊነግርዎ ይችላል። የመግዣ ገንዘብ ቢያጥርዎም ለሐኪምዎ ትንፍሽ አይበሉ፤ መላ ሊፈልግልዎ ይችላል።

ከሁሉ በላይ እስክሪብቶ ከቤት ያርቁ። የተከፈተችበት ቀን ብልቃጧ ላይ የተጻፈ እንደሆነ ይህን ሁሉ ምክሬን ውሃ በላው።