«ይህቺማ ገና ትሠራለች»

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ መኪና የሚያድስ ሰው አልጠፋም፤ ይብዛልን። ሰይቼንቶውን ከአያቱ ግቢ ጥግ ጎትቶ ያወጣል፣ ዝገቱን ያስፍቃል፣ ቀለሙን ደጋግሞ ያስቀባል፣ ወንበሩን ቆዳ ያለብሳል፣ ክሮሙን ያስወለውላል። ሞተሩ ወርዶ፣ ፋሻው ተቀይሮ፣ ብሎኩ ታጥቦ የመግጠሚያው ቀን ሲደርስ ግን መካኒኩ ከቅባታም ጨርቅ ውስጥ ያንኑ አሮጌ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ያወጣል። በቤንዚን ጠረግ ጠረግ ያደርገዋል፤ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ በአንድ ዓይኑ ያየዋል፤ «ጋሼ፣ ይህቺማ ገና ትሠራለች!» ይላል። ባለመኪናውም ለቀለም ያፈሰሰውን ብር ረስቶ፣ ጓርኒሲዮን ላይ ስለቆጠበ ፊቱ ይበራል። ይህን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። መቆጣቱ ለውጥ ካላመጣ ግን ማወደስ ይሻላል ብዬ ተነስቻለሁ።

ለማያውቀው ልንገር። ጓርኒሲዮን በብሎኩና ከላዩ በሚገጠመው ክዳን፣ በቴስታታው፣ መካከል የሚተኛ ስስ ሉህ ነው፤ ሥራው እሳቱን፣ ውሃውንና ዘይቱን እንዳይገናኙ መለየት ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚቃጠለው ጋዝ ከ2000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ ከዚያ ጥቂት ሚሊ ሜትር ርቆ ውሃ ይዘዋወራል። ሉሁ ይህን የሚችለው ቡሎኖቹ ሲጠብቁ ተጨምቆ የሁለቱን ብረት ጭረትና ጎድጓዳ ስለሚሞላ ነው። አንዴ ከተጨመቀ ቅርጹን ያዘ ማለት ነው፤ ሲፈታ አያብጥም፣ ሲመለስም የድሮ ቦታውን አያገኝም። ፋብሪካዎች እንዲህ ይላሉ እንግዲህ። ፋብሪካ ግን ምን ያውቃል? የእኛ ሰው በአውራ ጣቱ ዳሰስ ሲያደርገው ሉሁ በሐፍረት ወደ ወጣትነቱ ይመለሳል።

ደግሞ «ኦርጅናል» ነው! «ይሄኮ የጣሊያን ነው፣ አሁን እንዲህ ያለ የት ይገኛል?» ይባላል። እውነት ነው፣ ጣሊያን ነው። ዳንቴ ጃኮዛ የነደፋት ሰይቼንቶ፣ ማለትም ፊያት 600፣ ለዓለም የታየችው በ1955 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ሞተሯ 633 ሲሲ ነበር፣ በ1960 የመጣችው «ዲ» ደግሞ 767 ሆነች። የሲሊንደሩ ስፋት ከ60 ሚሊ ሜትር ወደ 62 አደገ። የአንዷን አሮጌ ጓርኒሲዮን ለሌላዋ የሚያስማማ ባለሙያ አይቻለሁ፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ምን አላት! የዚያን ዘመን ጓርኒሲዮን ብዙውን ጊዜ አስቤስቶስ አለበት። በደረቁ ሲፋቅ የሚነሳው ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም፤ ኦርጅናልነቱ ለባለሙያውም ይተርፋል ማለት ነው።

የጥበቡ ትልቁ ትሩፋት ግን ማኪያቶው ነው። አሮጌው ጓርኒሲዮን ሲበላ ውሃው ወደ ዘይቱ ይሰርጋል፤ ሁለቱ ሞተር ውስጥ ሲናጡ ጥቁሩ ዘይት መጀመሪያ ቡኒ፣ ቀጥሎ ወተታማ አረፋ ይሆናል። የዘይት መክደኛውን ክፈቱት፤ ፒያሳ ላይ እንዲህ ያለ አረፋ የሚያነሳ ካፌ ካለ ይምጣ። ታዲያ ይህ ሀብት ለምን ይባክናል? የሰይቼንቶ ሞተር ከኋላ ነው፤ ኮፈኑ ሲከፈት ባንኮኒ ተገኘ። ኋላዋን ወደ እግረኛው መንገድ አዙሮ ማቆም፣ ዱካዎች መደርደር፣ በቃ። የእንፋሎት ማሽን መግዛት አያስፈልግም፤ ራዲያተሩ እዚያው ከሞተሩ ጎን አለ፣ የተቃጠለው ጋዝ በተበላው ጓርኒሲዮን ሾልኮ ሲገባበት ያለ ማቋረጥ ይንተከተካል። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ ግድም ሲደርስ ይፈላል፤ ጣሊያኖቹ በሀገራቸው ያላገኙት ብልጫ። ደንበኛው «ጠቆር ይበል» ካለ ሞተሩን ለአፍታ አስነስቶ ማጥፋት ነው። «ነጣ ይበልልኝ» ያለ እመቤት ከመጣች ደግሞ እስከ እንጦጦ ወጥቶ መመለስ። በሁዳዴም ገበያው አይቀዘቅዝም፤ ወተቱ ውስጥ ወተት ስለሌለ ንጹሕ የጾም ነው። የቮልስ ባለቤቶች ይህን ጸጋ አልታደሉም፤ ሞተራቸው በአየር ስለሚቀዘቅዝ የሚቀላቅሉት ውሃ የላቸውም፣ ደንበኛ ሆነው ይሰለፉ። ቅርንጫፍ መክፈትም ቀላል ነው፤ ላዳዋን ለቦሌ፣ ፔጆ 404ን ለካዛንችስ። ገቢዎች መጥተው ደረሰኝ ይቆረጥ ሲሉ፣ መካኒኩ ከኪሱ ያረጀ ደረሰኝ ያወጣና «ይህቺማ ገና ትሠራለች» ይላቸዋል። የሚከብደው የባለመኪናው ሒሳብ ሲመጣ ብቻ ነው፦ ብሮንዚን አንድ ሙሉ ስብስብ፣ ኮሎ ማስሞረድ፣ የተጣመመ ቴስታታ ማስላግ፣ ሞተር እንደገና ማውረድ፣ የእጅ ዋጋ። ውሃ የገባበት ዘይት ብረትን ከብረት አይለይማ።

ሌሎቹ ትሩፋቶች ጥቃቅን ናቸው። ከማርሚታ የሚወጣው ነጭ ጭስ ለሙሽራ መኪና ያምራል። አባይ በረሃን ወርዶ ወደ ደጀን መውጣት ያሰበ ሰው ደግሞ ዳገቱን በእግሩ ጨርሶ ጤናውን ይጠብቃል።

«ሲሊኮን እንቀባዋለን» የሚሉኝ አሉ። ቀይ ሲሊኮን በወፍራሙ ይለቀለቅና ቡሎኑ ሲጠብቅ ትርፉ ወደ ውስጥ ይወጣል፤ ተቆርጦ ይወድቅና የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይዘጋል። ይህም መድኃኒት ተብሎ ይከፈልበታል!

በግልጽ ልናገር። ይህ ስንፍና ነው። አንዴ የተጨመቀ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ዳግመኛ አይገጠምም፤ «እስካሁን ምንም አልሆነም» የሚለኝ ሰው ገና ዳገት አልወጣም።

ልዩ ሁኔታ የለም አልልም። ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተቆረጠ ከሆነ፣ እሳት ላይ እስኪቀላ አግሎ ማለስለስና መልሶ መግጠም ይቻላል፤ መዳብ ሲጨመቅ ይጠጥራል፣ ሲግል ይለሰልሳል። የውሃ ፓምፕ የወረቀት ጓርኒሲዮን ደግሞ ከጓርኒሲዮን ወረቀት ላይ በመዶሻ ጠርዙን መታ መታ አድርጎ መቁረጥ የድሮ ባለሙያ ሙያ ነው፤ ይህንን የሚሠራ ሰው ሳይ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ያ ግን አዲስ መሥራት ነው።

የቀረው ሰበብ «ዕቃው አይገኝም» ነው። ስፔን ውስጥ ሴአት እስከ 1973 እ.ኤ.አ.፣ ዩጎዝላቪያ ውስጥ ዛስታቫ እስከ 1985 ይህችኑ መኪና በፈቃድ ሠርተዋታል፤ ጣሊያን ውስጥ ለአሮጌ ፊያት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ዛሬም አሉ። ሮም ያለችው እህታችሁ በየዓመቱ ሽቶና ጫማ ተሸክማ ትመጣለች፤ ጓርኒሲዮን ከሸሚዝ በታች ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል፣ ኪሎ አይበላም። ሱማሌ ተራ ገብቶ መጠየቅም ነጻ ነው። የመብራቱ ክሮም ከየትም ተፈልጎ ሲመጣ ያልጠፋ ዘመድ፣ ጓርኒሲዮን ሲባል የት ይገባል? ክሮሙ ስለሚታይ ነው። ጓርኒሲዮኑን ማንም ፎቶ አያነሳውም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለላት ሴት ቢያንስ ሁለቱንም ዕቃ ታውቃቸው ነበር።

መካኒኩ ላይ ብቻ አልፈርድም፤ ሞተር ሁለቴ የሚያወርድ ሁለቴ ይከፈለዋል። ባለመኪናው ነው የሚገርመኝ፣ ከፍሎ የሚስቀው። ስለዚህ አዲሱ ሲመጣ ቀዳዳዎቹን ከአሮጌው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። ከዚያ አሮጌውን ውሃ አርከፍክፋችሁ፣ በፌስታል ቋጥራችሁ፣ ራሳችሁ ይዛችሁት ውጡ። ጋራዡ ውስጥ ከተዋችሁት የሚቀጥለው ሰው ሞተር ውስጥ ይገባል፤ «ኦርጅናል» ተብሎ፣ ዋጋ ተጨምሮበት።