የባለ ሙዚቃው ሞባይል አጭር የሕይወት ታሪክ

በአርባ ምንጭ ከተማና በጋሞ ዞን ደጋና ቆላ ከሰው ጆሮ ሳይለዩ የኖሩት ክቡር ባለ ሙዚቃው ሞባይል፣ ባደረባቸው የባትሪ ማበጥ ሕመም በየጥገና ቤቱ ሲታከሙ ቆይተው ከአገልግሎት በመለየታቸው፣ በአገሩ ልማድ መሠረት ከግብዓተ መሬት በፊት የሕይወት ታሪካቸው ሊነበብ ግድ ሆኗል። ማንኛውም ቀፎ፣ ማለትም ሲም ካርድ የሚጎርሰው የስልኩ አካል፣ የጥሪ ዜማ ማንጫረሩ የታወቀ ነው፤ ሟች «ባለ ሙዚቃ» የሚለውን ማዕረግ ያገኙት ግን በመሠረቱ ዘፈን ማጫወቻ ሆነው ሳለ የስልክ ጥሪን በትዕግሥት የሚያስተናግዱ ፍጡር ስለነበሩ ነው። ጥሩ ዘፈን መካከል ላይ የሚገባ ጥሪ በባለቤቱ ዘንድ በምሳ ሰዓት ሳያስታውቅ እንደመጣ እንግዳ ይቆጠር እንደነበር ያያቸው ሁሉ ይመሰክራል።

ሟች ከአባታቸው ከሞባይል ስልክና ከእናታቸው ከቴፕ ሪከርደር ተወለዱ። የእናታቸው ወገን የዘር ሐረግ እ.ኤ.አ. በ1979 ሶኒ ለገበያ ካቀረበው ዎክማን፣ ይኸውም ካሴት እየበላ ቀበቶ ላይ ከሚንጠለጠለው ማጫወቻ የሚመዘዝ ሲሆን፣ የአባታቸው ወገን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ለብዙ ዓመታት ሲም ካርዱ ራሱ እንደ ርስት ሲከበር ኖሯል። ሁለቱ ወገኖች በይፋ የተጋቡት እ.ኤ.አ. በ2005 ሶኒ ኤሪክሰን ዎክማን የሚለውን ስም በስልክ ላይ ባተመ ጊዜ ነው። ቀጥሎ ኖኪያ «ኤክስፕረስ ሚዩዚክ» በሚል የቤተሰብ ስም 5300ን በ2006፣ 5310ን በ2007፣ 5130ን በ2008 መጨረሻ ይፋ አደረገ። ዘግይተው የመጡት የቻይና የእንጀራ ወንድሞቻቸው በጀርባቸው ሰፊ ስፒከር፣ በጎናቸው እንደ ሠርግ ድንኳን የሚብለጨለጭ መብራት ይዘው የገቡ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ሁለት ሲም ይጎርሱ ነበር፤ ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2022 አገልግሎት እስኪጀምር ድረስ በአገሪቱ የነበረው ቴሌ አንድ ብቻ ሆኖ ሳለ ሁለተኛው ቀዳዳ ምን ይሠራ እንደነበር አጥጋቢ ማብራሪያ የሰጠ ሊቅ እስካሁን አልተገኘም።

የሟች አካላዊ ገጽታ ለአንድ ዓላማ የተቀረጸ ነበር። በጎናቸው ላይ የተደረደሩት ማስጀመሪያ፣ መመለሻና ማሳለፊያ ቁልፎች ባለቤቱ ስልኩን ከኪሱ ሳያወጣ በጣቱ እየዳሰሰ ያልወደደውን ዘፈን እንዲሻገር ያስችሉት ነበር። ነፍሳቸው ግን ያደረችው ሚሞሪ በሚባለው፣ ከጣት ጥፍር በማይበልጠው የዘፈን ማስቀመጫ ካርድ ላይ ነው። ዘፈኖቹ የሚቀመጡት በኤምፒስሪ ሲሆን፣ ይህ ዘዴ የሰው ጆሮ ብዙም የማያስተውለውን የድምፅ ክፍል እየጣለ ፋይሉን ያሳንሰዋል፤ በተለመደው የ128 ኪሎ ቢት ጥራት አንድ ደቂቃ ሙዚቃ አንድ ሜጋ ባይት ያህል ይፈጃል። 5130 ከ2 ጊጋ ባይት የሚበልጥ ካርድ ስለማይቀበል፣ ባለ አራት ደቂቃ ዘፈን ቢጫን ወደ 500 ገደማ ሲሆን ካርዱ ይሞላል ማለት ነው።

የሟች ታላቅነት ያለው እዚህ ቁጥር ላይ ነው። 501ኛውን ዘፈን የፈለገ ሰው ከ500ዎቹ አንዱን ማጥፋት ነበረበት፤ በዚህም የተነሣ ስለ ሙዚቃ አንድ መስመር ጽፎ የማያውቅ የአርባ ምንጭ የሲቀላ ሰፈር ወጣት በየሳምንቱ የሂስ ሥራ ይሠራ ነበር፤ የቱ ዘፋኝ እንደሚቆይ፣ የማን አልበም ከሁለት ዘፈን በላይ እንደማይገባው፣ የፍቅረኛ ስጦታ የሆነው ዘፈን ከጠቡ በኋላ ስንት ቀን እንደሚታገሠው ይወስን ነበር። አንድ ሰው ሚሞሪውን ለሌላ ማዋሱ ጠባዩን ማዋሱ ነበር፤ ካርዱን የከፈተ ሰው በዚያ መካከል ያልጠበቀውን መዝሙር ወይም ያልጠበቀውን ጭፈራ ሊያገኝ ይችላልና።

ለዚህ የሂስ ሥራ ጉባኤው የሚካሄደው በሙዚቃ ቤት ባንኮኒ ላይ ነበር። ዘፈን ማስጫን ማለት ካርዱን ከስልኩ አውጥቶ፣ እንዳይጠፋም በብር ኖት ጠቅልሎ ይዞ በመሄድ፣ ኮምፒውተር ላይ ለተቀመጠው ልጅ ማስረከብ ሲሆን፣ ልጁም «ስንት ጊጋ ነው?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ «የድሮ»፣ «አዲስ»፣ «መዝሙር»፣ «ጋሞኛ»፣ «ወላይትኛ» የሚሉ ፎልደሮችን እየከፈተ ያሳያል። ቸኩሎ የሚሄድ ደንበኛ «ደስ ያለህን ጫንልኝ» ብሎ ይሄዳል፤ ይህም ጆሮን ለሌላ ሰው አደራ መስጠት ነበር። በኮፒው መካከል መብራት የጠፋ እንደሆነ የመጨረሻው ዘፈን በግማሹ ይቀራል፤ ቫይረስ ያለበት ኮምፒውተር ከገጠመም ፎልደሩ ሁሉ ሾርትካት፣ ማለትም ቢነኩት የማይከፈት ባዶ ምልክት ሆኖ ይመለሳል። የዘፋኞቹ ስም በጽሑፍ ስለማይተላለፍ ግማሹ ሕዝብ «ትራክ 01» የተባለ አንድ ታላቅ ድምፃዊ አድናቂ ሆኖ ኖሯል።

ሟች በዕለት ተዕለት ኑሯቸው ሥራ የሚንቁ አልነበሩም። ታችኛዋን ሲቀላን ከላይኛዋ ሴቻ ጋር በሚያገናኘው ዳገት ከባጃጁ ሞተር ጋር እየተፎካከሩ ዘፍነዋል፤ ሙዝ በሚጫንበት ቦታ ከግንድ ላይ ተንጠልጥለው አገልግለዋል። ሬዲዮም ነበሩ፤ የኤፍ ኤም መቀበያቸው የማዳመጫውን ገመድ እንደ አንቴና ስለሚጠቀም ማዳመጫ ካልተሰካ ጣቢያ አይዙም፤ ስለዚህ ሁለቱም ጆሮው የሞተ፣ ድምፅ የማይሰጥ ማዳመጫ እንኳ አይጣልም ነበር፤ ተሰክቶ ይንጠለጠላል፣ ሬዲዮው ደግሞ በስፒከር ይሰማል። በደጋው በጨንቻና በዶርዜ ሸማኔው ሁለት እጁ በመወርወሪያው፣ ሁለት እግሩ በመርገጫው ተይዞ ሲውል ሥራ ፈት ሆኖ የሚቀረው ጆሮው ብቻ ስለሆነ፣ ሟች ከድሩ በላይ ካለው ምሰሶ ላይ ተሰቅለው ቀኑን ከማጉ ጋር አብረው ይሸምኑ ነበር። ሽሮ ሜዳ ወርዶ በአዲስ አበባ ለሚሸምነው የጋሞ ልጅ ደግሞ ጋሞኛው ፎልደር ከአገር የመጣ ቆጮ ያህል ነበር።

አንድ ድክመታቸው ግን ሳይነሣ አይታለፍም። ዶርዜዎች የሚታወቁበት ዘፈን ብዝኃ ድምፅ ነው፤ ይህም አንዱ ሲያወጣ ሌሎቹ ዝም ብለው የሚቀበሉበት ሳይሆን፣ ብዙ ድምፆች በአንድ ጊዜ የየራሳቸውን መንገድ ይዘው የሚተላለፉበትና የሚገናኙበት አዘፋፈን ነው፤ ፈረንሳዊው የሙዚቃ አጥኚ በርናር ሎርታ-ዣኮብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቀርጾ በሸክላ እንዲወጣ ያደረገውም ይህንኑ ነው። ሟች ይህንን ዘፈን በጋሞዎች በዓል በዮ ማስቃላ ከጭፈራው መካከል ቆመው ሲቀርጹ፣ መቅጃቸው ኤ ኤም አር በሚባለው፣ ለሰው ንግግር ብቻ ተብሎ በተሠራና የድምፁን ላይኛ ክፍል በሚቆርጥ ዘዴ ስለሚሠራ፣ ሃያ ሰው የዘፈነው እንስራ ውስጥ የገቡ ሁለት ሰዎች ያጉረመረሙት ይመስላል። ያም ሆኖ ቀረጻውን ያጠፋ ሰው ጥቂት ነው፤ ከ500ዎቹ መካከል ማንም ሙዚቃ ቤት የማይጭነው እርሱ ብቻ ነበርና።

ሙት ወቃሽ አያሰኝ እንጂ ሟች በሕግ ፊት ንጹሕ አልነበሩም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው ሟች ገና ሳይወለዱ ሲሆን፣ ዕድሜ ልካቸውን በደረታቸው ተሸክመው የዞሩት ዘፈን ለዘፋኙ አምስት ሳንቲም ያልተከፈለበት ነበር። ካሴት ሻጩ እናታቸውን ቀብሮ እርሳቸውን ሲያሳድግ፣ ማለትም መደርደሪያውን አንሥቶ ኮምፒውተር ሲተክል፣ ድምፃዊው ከቀብሩም ከአስተዳደጉም ድርሻ አልደረሰውም።

ሕመማቸው የጀመረው ከወገባቸው ነው። ባትሪያቸው ቢኤል-5ሲ፣ በብዙ የኖኪያ ቀፎዎች የሚገባው ዓይነት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ኖኪያ በአንድ አምራች ተሠርተው ቻርጅ ሲደረጉ ሊግሉ ስለሚችሉ 46 ሚሊዮን ባትሪዎች ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። በጥገና ቤቱ የሚደረገው ምርመራ ላቦራቶሪ አያሻውም፤ ባትሪው ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ በጣት ይሽከረከራል፤ ወዲያው ከቆመ ጤነኛ ነው፤ እንደ እንዝርት ከዞረ ሆዱ አብጧልና ቤተሰብ ይጠራል። በዚህ መካከል በባሕር ማዶ ያሉት ዘመዶቻቸው ተራ በተራ አለፉ፤ የኖኪያ የስልክ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2014 ለማይክሮሶፍት ተላለፈ፣ አፕል በ2016 የማዳመጫውን ክብ ቀዳዳ ከአይፎን 7 ላይ ደፈነው፣ በ2017 ደግሞ ኤምፒስሪን ያሳደገው የጀርመኑ ፍራውንሆፈር ተቋም የፈቃድ ሽያጩን ዘጋ። በአርባ ምንጭ ግን ሟችን የጣላቸው የዳታ ጥቅል ነው። ዘፈን ከዩቲዩብና ከቴሌግራም ቻናል ያለ ልክ መፍሰስ ሲጀምር የሚጠፋ ነገር አላስፈለገም፤ የሚጠፋ ከሌለም የሚመርጥ አያስፈልግም፤ ባንኮኒው ላይ የነበረው ልጅም የስክሪን ፕሮቴክተር መለጠፍ ጀመረ።

የውርስ ክፍፍሉ ያለ ጠብ አልቋል። ማዳመጫው ለአንቴናነት፣ ቻርጀሩ ለጎረቤት፣ ሚሞሪው ለመሳቢያ ደርሷል። የቀረው ሥርዓተ ቀብሩ ነበር፤ እርሱም አስከሬኑ በቤቱ አያት እጅ ሥራ ላይ በመሆኑ ተራዝሟል። ባትሪው በ*127# ቴሌብር ከመላክ በላይ ጉልበት ባይኖረውም፣ አያት ሌሊት በረት የሚያዩት በሟች የፊት መብራት ነው፤ በጨንቻ ገበያ መካከል የልጅ ልጅ ሲደውልም ከነጠላው ጫፍ ቋጠሮ ውስጥ በቀፎው የቀረ አንድ ዘፈን እስከ አዝማቹ መዳረሻ ድረስ ተሰምቶ፣ መብራት በጠፋበት ቦታ ላይ ይቋረጥና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል፤ አያትም ዘፈኑ ደስ ስለሚላቸው ስልኩን ቶሎ አያነሡም።