ቁልቁለት በዩሮ

ሙኒክ፣ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም

ለውድ እናቴ፣

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ጓደኛዬ ናት፤ ቡና ሳታጠጪ እንዳትሸኛት። ስትመለስም ባዶ እጇን እንዳትመጣ፣ የሚያስፈልገውን ከታች ጽፌልሻለሁ። በስልክ ያልነገርኩሽ ወሬው ረጅም ስለሆነና ኔትወርኩም ዋናው ቦታ ላይ ስንደርስ ስለሚጠፋ ነው።

ወሬው ይኸውልሽ፤ ለፈረንጆቹ ገና ተራራ ወጥተን በረዶ ላይ ልንንሸራተት ነው። "በስመ አብ!" ስትዪ ከዚህ ይሰማኛል።

ነገሩን የጀመሩት ልጆቹ ናቸው። እዚህ ትምህርት ቤት ለገና ሁለት ሳምንት ያህል ይዘጋል፤ ሲከፈት ልጆቹ መጀመሪያ የሚጠያየቁት "ስኪ የት ሄዳችሁ?" ነው። ትልቋ አምና "ቤት ነበርን" ብላ መልሳ እኔን ስታኮርፈኝ ሰነበተች። አማችሽን ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ የቡሌ ልጅ ነው። "በጉምና በብርድ ገብስ ስጠብቅ ያደግሁ ሰው አሁን ብርድ በገንዘብ ልገዛ?" ብሎ ሞግቶ ሞግቶ፣ በመጨረሻ "እሺ፣ ቦታውን ግን የምመርጠው እኔ ነኝ" አለ።

አመራረጡን ብታይ! የየቦታውን ከፍታ ከአገር ቤት ጋር እያስተያየ አንድ በአንድ ይጥላል። ኪትስቢውል የሚባል ሀብታሞቹ የሚወዱት የኦስትሪያ ከተማ አለ፤ ከተማው ያለው 760 ሜትር ገደማ ላይ ነው። "ይሄማ ቆላ ነው፣ ግመል ይዘን እንሂድ?" አለ። ሳንክት አንቶን 1300 ሜትር ነው ስንለው "ከዲላ ወርደን በረዶ ፍለጋ?" አለ። የፈረንሳዩ ቫል ቶራንስ በአውሮፓ ካሉት የስኪ መንደሮች ሁሉ ከፍተኛው ነኝ ብሎ ይኮራል፤ 2300 ሜትር ነው። "አዲስ አበባ እኮ ትበልጠዋለች! መርካቶ ለሚነግድ ሰው ይሄ ምኑ ተራራ ነው?" ብሎ ዘጋው። ስዊዘርላንድ ስንደርስ ማተርሆርንን በራስ ዳሸን ረታው፤ እኔም ዋጋውን አይቼ ስለነበር አልተከራከርኩም።

ከፍታው ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። ገና ሰሞን ዝቅ ያለ ቦታ የያዘ ሰው በረዶ ሊያጣ ይችላል። በ2015 ዓ.ም ክረምታቸው ሞቆ በየቦታው መንሸራተቻው ተዘግቶ ነበር፤ በተከፈተውም ቦታ ሰዉ በሣር መካከል በተዘረጋች ቀጭን ነጭ መንገድ ተራ ጠብቆ ሲወርድ በቴሌቪዥን አይተናል። ያቺ ነጭ መንገድ ራሷ ከሰማይ የመጣች አይደለችም። በረዶ የሚተፉ መድፎች አሏቸው፤ ውሃውን በአየር ግፊት አድቅቀው ወደ ብርዱ ይረጩታል፣ መሬት ሳይደርስ ይረጋል። አባባ ይህን ሲሰማ ዝናብ የሚተፋም ካለ ዋጋውን ጠይቂልኝ እንደሚል አውቃለሁ።

የእኛን ወጪ በብር አልነግርሽም፤ ደም ግፊትሽን አስቤ ነው። ሽቅብ የሚያወጣው ኬብል ካር ብቻ ትልልቆቹ ቦታዎች ላይ ለአንድ አዋቂ በቀን ከ70 ዩሮ በላይ ነው። ዕቃ ኪራይ ለብቻ፣ አስተማሪ ለብቻ፣ ማደሪያ ለብቻ። በገና ሳምንት የማደሪያው ዋጋ ይሰቀልና ብዙው ቦታ "ሙሉ ሳምንት ካልያዛችሁ አናከራይም" ይላል። እኔም ብልሃት አወጣሁ፦ የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 አይደለ? በዚያን ጊዜ ፈረንጁ ወደ ሥራው ተመልሶ ዋጋው ይወርዳል። ደግሞ የነሱ ገና ታኅሣሥ 16 ሲሆን እኔ ገና ጾም ላይ ነኝ፤ ተራራ ላይ የሚበላው ደግሞ የቀለጠ አይብ፣ አይብ የፈሰሰበት ድንች፣ አይብ ያልነካውም ቢሆን ቅቤ የነካው ነው።

ብልሃቴን ያፈረሰው ትምህርት ቤት ነው። ዕረፍቱ የሚያልቀው ከእኛ ገና በፊት ነው፤ ልጁን አስቀርቶ ሽርሽር የወሰደ ወላጅ ደግሞ እዚህ ይቀጣል። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ፖሊስ ከክፍል የቀረ ተማሪ የሚፈልግበት ጊዜ ሁሉ አለ! ቡና ለቀማ ሲደርስ እኛ ዘንድ ግማሹ ክፍል ባዶ እንደሚሆን ለጎረቤቴ ብነግራት የማወራው ተረት መሰላት።

እማዬ፣ እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ጌዴኦ ውስጥ ቁልቁለት የሚተከልበት ነው። አያቴ ጓሮ ቀጥ ብሎ ለመቆም እንኳ አንዱን እግር ማጠፍ ያስፈልጋል፤ ሆኖም ከላይ ትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ጥለው፣ ከሥር እንሰቱና ቡናው ተጠጋግተው፣ አፈሩን ጨብጠው ይዘውት ያን ሁሉ ትውልድ አበሉ። መስከረም 2016 ዓ.ም ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው የተጻፈው ብዙ ነው፤ እኔ እንደገባኝ ግን ባጭሩ "እነዚህ ሰዎች ተራራ ላይ ኖረው አልተንሸራተቱም" ማለት ነው። እዚህ ደግሞ ዛፉን መንጥረው፣ ቁልቁለቱን አለስልሰው፣ ለመንሸራተት ያስከፍሉናል። ክረምት ላይ ከወናጎ ገበያ ስንመለስ በቀይ ጭቃ በነፃ እንንሸራተት አልነበር? ያኔ ያገኘሁት ሽልማት ግን ያንቺ አለንጋ ነው።

ቅዳሜ ለት ያገለገለ የስኪ ዕቃ የሚሸጥበት ባዛር ሄድን። የልጅ እግር አንድ ቦታ ስለማይቆም እዚህ ሀብታሙም ቢሆን ለልጁ ያገለገለ ይገዛል። ጫማው ደረቅ ፕላስቲክ ነው፤ ከፊቱ አራት መቆለፊያ አለው። የመጀመሪያውን ስትቆልፊ ጣትሽ ይደነዝዛል፤ አራተኛው ላይ ስትደርሺ ጉልበትሽ ሳያማክርሽ ወደፊት ይታጠፋል። አማችሽ አጥልቆ ሲነሳ ዛሬ የተወለደ ጥጃ ሆነ፤ ሁለት እርምጃ ተራምዶ የሰው ኮት መስቀያ ያዘ። ትንሹ በሳቅ መሬት ላይ ተዘረረ። ሻጯ ጎንበስ ብላ ጫማውን ጫን ጫን አድርጋ አየችና "ልክዎ ነው" አለችው፤ በጌዴኡፋ የመለሰላትን አልጽፍልሽም።

ነገሩን የፈታችው ትልቋ ናት። የዚያኑ ዕለት ማታ ሮቤል ተክለማርያምን አመጣችብን። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ነው፤ በ1998 ዓ.ም በቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ የተሰለፈ የመጀመሪያው ሰው ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቫንኩቨር ላይም ተወዳድሯል። እሱ ግን ከተራራ የሚወረወርበትን ዓይነት አይደለም የተወዳደረው፤ በሁለት ዘንግ እየገፉ፣ ዳገቱንም ሜዳውንም በእግር ጉልበት የሚሄዱትን ነው፣ 15 ኪሎ ሜትር። አማችሽ ይህን ሲሰማ ቀና አለ። "ሩጫ ነው በሉኛ! ሩጫ ከሆነማ የኛ ነው።" ዕድሜውን ሙሉ ታክሲ ለመያዝ እንኳ ሮጦ የማያውቅ ሰው!

ስለዚህ ዜፈልድ የምትባል የኦስትሪያ ከተማ ልንሄድ ተስማማን። ኢንስብሩክ በፈረንጆች 1964 እና 1976 ኦሊምፒክ ስታዘጋጅ ይኸው የእግር ስኪ ውድድር የተካሄደው እዚያ ነው። ከሙኒክ ባቡሩ በቀጥታ ያደርሳል፤ ኬብል ካር የግድ አይደለም፣ ለዱካው የሚከፈለው ትንሽ ነው፤ ኩሽና ያለው ቤት ስለተከራየን ሽሮዬን እሠራለሁ። ከፍታዋ 1180 ሜትር ነው፣ ከዲላ በታች። ይህን ለአማችሽ አልነገርነውም፤ በሩጫው ደስታ መጠየቁን ረስቶታል። እናንተም በስልክ እንዳታነሱበት።

አሁን ወደ ዕቃው ልምጣ። ቡናውን ቆልተሽ ላኪው። ሲቆላ ጭሱ ካልሸተተኝ ቡና አልጠጣሁም እንደምል ታውቂያለሽ፤ ነገር ግን የተከራየነው ቤት ጣሪያ ላይ ጭስ የሚያሸት መሣሪያ አለ፣ ከጮኸ የእሳት አደጋ መኪና ይመጣል፣ ሒሳቡም የእኛ ነው። ዕጣኑንም ተይው። በርበሬና ሽሮ እንደተለመደው። ቆጮውን ደግሞ በሦስት ላስቲክ ጠቅልይልኝ፤ ባለፈው ያመጣችልን ልጅ በአንድ ላስቲክ ይዛው፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቤታችን የባቡሩ ፉርጎ ለእኛ ብቻ ሆኖልን ነበር።

ለአባባ፣ ለእትዬና ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ልጆቹ ጉልበትሽን ይስማሉ።

ልጅሽ

ይድረስ ለእማማ፦ ይህን የጻፍኩት እኔ አማችሽ ነኝ፤ ደብዳቤውን ሳትዘጋው አግኝቼ አነበብኩት። 1180 ሜትር! ለሚመጣው ገና ቡሌ ዘመድ ጋ ቤት ይፈለግልን።