ራዲያተር ስለሌላቸው መኪኖች የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ፤ ፎርም የምትሞላ ግን ቁጭ ብለህ አንብብ።

ሞዴሉ የ1968 እ.ኤ.አ. የሆነ ባለ 1300 ቮልስ፣ ሞተሩ ወርዶ፣ ፋሻና ኩሽኔታው ተቀይሮ፣ ቴስታታው ተስተካክሎ፣ ካርቡሬተሩ ታጥቦ፣ ፍሬንና ፍሪሲዮኑ ታድሶ ለሽያጭ የቀረበ በመሆኑ፤

ሻጭ ከቢቸና፣ ገዥ የሞጣ መምህር ሆነው በዋጋ ተስማምተው ቀብድ ከተቀባበሉ በኋላ የቀራቸው ስም ማዛወር ብቻ ስለነበር፤

ስሙን ይህ አዋጅ የማያነሳው አንድ መሥሪያ ቤት መኪናውን መርምሮ "ራዲያተር የለውም" ሲል ከምርመራ ስለጣለው፤

እንዲህ ያለው ነገር እንዳይደገም፣ ቢደገምም ቢያንስ እንዲሳቅበት ማድረግ አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፤ የሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ "የራዲያተር አዋጅ" ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ረጅሙ ርዕስ ስድብ ስላለበት ተሰርዟል።

2. ትርጓሜ

"ገዥ" ማለት ጎማ በእግሩ እየመታ የሚያስብ ሰው ነው። "ደላላ" ማለት አይቶት የማያውቀውን መኪና "እኔ ነኝ የማውቀው" የሚል ነው። የቀሩት ቃላት ሁሉ ሰው እንደሚያውቃቸው ይወሰዳሉ።

3. ስለ ጥቃቅን ጉድለቶች

የግራው ፓራፋንጎ መዳፍ የምታህል ጉድጓድ አለችው፤ ያደረሰችው የገበያ ቀን አህያ ናት፣ በይቅርታ ታልፋለች። የነዳጅ ጌጁ ሁልጊዜ "ሙሉ ነኝ" ይላል፤ እንዳታምኑት። የጋቢናው በር የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው። ሻጭ እነዚህን ሁሉ ሳይጠየቅ ተናግሯል። መርማሪው አንዳቸውንም አላያቸውም።

4. ስለ ራዲያተር

(1) ቮልስ ራዲያተር የለውም። አልወለቀም፣ አልተሰረቀም፣ ተነቅሎም አልተሸጠም። ፈርዲናንድ ፖርሽ ሲነድፈው ጀምሮ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ ቺንጋው ዲናሞውን ሲያዞር በዚያው ዘንግ ላይ ያለው ማራገቢያ አብሮ እየዞረ ሲሊንደሮቹን ያናፍሳል። ውሃ የለውም፣ የውሃ ፓምፕም የለውም።

(2) የንዑስ አንቀጽ (1) ድንጋጌ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የሚከተሉት ራዲያተር እንዲያሳዩ አይገደዱም፦

(ሀ) ከፋብሪካ ሲወጡ ያልተገጠመላቸው፤

(ለ) ያልተገጠመላቸው መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከጀርመን አምጡ የተባሉ፤ ሆኖም ፋብሪካው ይህን መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ አምርቶ የመጨረሻውን ሜክሲኮ ውስጥ በ2003 እ.ኤ.አ. ካወጣ በኋላ ያቆመው ስለሆነ፣ "የቢቸናው ቮልስ ራዲያተር አልነበረውም" ብሎ የሚፈርመውን ሰው አድራሻ የማቅረብ ግዴታ የጠያቂው ይሆናል፤

(ሐ) የአባይን በረሃ የወጡ፤ ይኸውም ራዲያተር ያለው ሁሉ ፈልቶ፣ ዳር ይዞ፣ ኮፋኖውን ከፍቶ ጀሪካን ሲለምን እነሱ ሳይቆሙ እያጉረመረሙ ደጀን የገቡ ሲሆኑ፣ ለጀሪካን ለማኞቹ ውሃ ያቀበሉ ከሆነ የቦሎ ክፍያም ይቀነስላቸዋል፤

(መ) ባጃጆች፤ በቢቸናም በሞጣም አስፋልት የሚርመሰመሱት ባጃጆች ሞተራቸው የሚቀዘቅዘው በአየር ሲሆን፣ ነፃ መሆኑ መርማሪው የዚያን ዕለት ጠዋት ሥራ የገባበትንም ባጃጅ ይጨምራል፤

(ሠ) ንጉሥ ያሳፈሩ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ግርማዊነታቸውን ከቤተ መንግሥት አውጥቶ ወደ 4ኛ ክፍለ ጦር የወሰዳቸው በቮልስ ነው፤ ሦስት ሺህ ዓመት ቆየ የተባለ ዙፋን ሲወርድ ከዚያ ሁሉ ወታደር አንድ እንኳ "ቆይ፣ ራዲያተር አለው?" ያለ አልተገኘም፤

(ረ) ወደፊት "ካንዴላህ የታለ?" ተብለው የሚያዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች፤ ይህ ፊደል የሚሠራው ግን መብራት ባለበት ቀን ነው።

(3) መርማሪው "ጋሼ፣ ፎርሙ ላይ ራዲያተር የሚል መስመር አለ፤ ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?" ቢል፣ በመስመሩ ላይ "አይመለከተውም" ብሎ መጻፍ ይችላል። ቀለም ያለቀበት እንደሆነ ሻጭ እስክሪብቶ ያቀርባል። ሻጭ አቅርቦ ነበር።

(4) መርማሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ከጋራዥ አንድ ራዲያተር ተዋሱና ከፊት አስራችሁበት አምጡት፤ ያልፋል" ያለ እንደሆነ፣ የታሰረው ራዲያተር በገመድ ይሁን በሽቦ፣ ውሃ ይኑረው አይኑረው፣ ካለፈ በኋላ ለባለቤቱ በስንት ሰዓት ውስጥ ይመለስ የሚለው በመመሪያ ይወሰናል።

አይ፣ እዚህ ላይስ አዋጁ ትንሽ ይቁምልኝ።

ስማኝ ልጄ። የኋላውን ኮፋኖ ክፈትና እይ ነበር ያልኩህ። ሌላ ምን አልኩህ? ሞተሩን አውርደው የሠሩት መካኒክ ሽማግሌ ናቸው፤ የመነጽራቸው እጀታ ተሰብሮ በላስቲክ አስረውታል። የፑንቲናውን ክፍተት የሚለኩት በሲጋራ ፓኮ ቁራጭ ነው፤ ያቺን ቁራጭ አስገብተው ሲስቧት ፑንቲናው ትንሽ ያዝ ካላደረጋት እንደገና ይፈታሉ። ከመኪናው ሥር ካርቶን አንጥፈን አሳድረነው ጠዋት አንድ ጠብታ ዘይት አላገኘንም። አንተ እጅህን ከኪስህ ሳታወጣ፣ ሞተሩን ሳታስነሳ፣ በአንዲት መስመር የሰውየውን ድካም ሁሉ ሰረዝከው። ራዲያተር ምን እንደሚሠራ ብጠይቅህ ትነግረኝ ነበር? ሐሰተኛ ራዲያተር አስሬ ብመጣስ "ያልፋል" ያልከው በየትኛው መስመር ነው?

(5) ወደ አዋጁ ስንመለስ፣ ደብዳቤ ሲጠበቅ ስላለፈው ጊዜ የሚከተለው ተመዝግቧል። በ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ የተጣለው ታክስ እስከ 500 በመቶ ይደርስ ነበር። በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል አገር ውስጥ እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀና በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ተሻገረ። የቆመ ብረት ሁሉ ተወደደ። ደላላው ቤቴ ድረስ መጥቶ "እንኳን ያኔ አልተሸጠ" አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ መሥሪያ ቤቱ ጠቅሞኛል።

መምህሩን ግን አልጠቀመውም። እኔ በቃሌ ነኝ፣ በተስማማንበት ውሰድ ብዬው ነበር። ለመኪና ያጠራቀመው ለጤፍ መዋሉን ነገረኝ። በማኛ ጤፍ አገር ቁጭ ብሎ። ቀብዱን ስመልስለት ሳይቆጥር ኪሱ ከተተው፤ "ጋሼ፣ ራዲያተር ያለው ፈልጌ እመጣለሁ" ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ።

5. ስለ ቅጣት

ራዲያተር ከሌለው ራዲያተር የጠየቀ ማንኛውም ሰው፣ ራዲያተር ባለው፣ ውሃ ግን በሌለው መኪና ከቢቸና በደብረ ወርቅና በጉንደ ወይን አድርጎ ሞጣ ይደርሳል። ሲፈላበት ይገፋል።

6. የተሻሩ ልማዶች

"ነገ ተመለሱ" የሚለው ልማድ ተሽሯል። መሻሩን ለማረጋገጥ የሚፈልግ ነገ ተመልሶ ይጠይቅ።

7. ስለ መኪናው

አሁንም ይሸጣል። መንገድ ክፍት በሆነ ቀን ቢቸና መጥቶ ማየት፣ ማስነሳት፣ ከሥሩ መተኛትም ይቻላል። ለመምህራን ዋጋው የድሮው ነው።

8. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ደብዳቤው ከጀርመን ከደረሰበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል።