ክፍት ነው፣ ግን ተይዟል

በወረቀቱ ዘመን ወላይታ ሶዶ ውስጥ የሥራ ማስታወቂያ የሚዘጋው ዝናብ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ወረቀቱን አራት ጥጉን ሙጫ ቀብቶ ሰሌዳ ላይ ይለጥፋል፤ በዳሞታ በኩል ሰማዩ ይጠቁራል፤ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል። በሦስተኛው ቀን «ተፈላጊ ችሎታ» የሚለው መስመር ቀለሙን ለቅቆ ወደ «ደመወዝ» ይንጠባጠባል። በሳምንቱ ወረቀቱ ተገንጥሎ ባጃጅ ይሄድበታል። ዘግይቶ የመጣ ሥራ ፈላጊ ባዶውን ሰሌዳ አይቶ «አመለጠኝ» ብሎ ይመለሳል። ያዝን ነበር፤ የሚሸነግለው ግን አልነበረም።

ዘመናዊ ቀጣሪዎቻችን ዕድሜ ይስጣቸውና ከዚህ ኋላ ቀርነት አውጥተውናል። ዛሬ ማስታወቂያ በቴሌግራም ቻናል ይለቀቃል፣ በፌስቡክ ይወጣል፣ እንደ ኢትዮጆብስና ሀሁጆብስ ባሉ የሥራ ድረ ገጾች ላይ ይጫናል። ዝናብ አያገኘውም፣ ፀሐይ አያደበዝዘውም፣ ፍየል አይበላውም። ስለዚህ አይሞትም። በመስከረም የተቀጠረው ሒሳብ ሠራተኛ የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ፣ ሚስት አግብቶ፣ የዓመት ፈቃዱን ወስዶ ተመልሷል፤ የተቀጠረበት ማስታወቂያ ግን ዛሬም «ክፍት» ይላል።

ለማያውቅ ላስረዳ። በአብዛኞቹ የሥራ ድረ ገጾች ቀጣሪው የራሱ መግቢያ አለው። ገብቶ ማስታወቂያውን በረቂቅ ማቆየት፣ መልቀቅ፣ ለጊዜው ማቆም፣ ሰው ሲያገኝ መዝጋት ይችላል። ቴሌግራም ላይ የለቀቀውንም ቢሆን ያንኑ ጽሑፍ አርሞ «ተይዟል» የምትል አንዲት ቃል አናቱ ላይ መጨመር አያቅተውም። የአንድ ጣት ሥራ ነው፤ ጉዱም እዚህ ላይ ነው። ማስታወቂያ ለመክፈት የሥራ ክፍሉ ጥያቄ፣ የበጀት ማረጋገጫ፣ ቃለ ጉባኤና የኃላፊ ፊርማ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ሠሪው ይታወቃል። ለመዝጋት ምንም ስለማያስፈልግ ሠሪ የለውም። ቃለ ጉባኤ ያልተያዘለት፣ አበል ያልታሰበለት ነገር እንዴት ሥራ ይባላል?

እኔ የዚህን ጥበብ ጥልቀት የተረዳሁት በእህቴ ልጅ ነው።

ልጅቱ ቦዲቲ ትኖራለች። በአካውንቲንግ ተመርቃለች፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፋለች፣ ከ2015 ወዲህ ያለ እሱ ዲግሪ የለምና። ጥቅምት ላይ በስልኳ አንድ ማስታወቂያ አየች። «የሒሳብ ሠራተኛ። ብዛት 1። የሥራ ልምድ 0 ዓመት። ደመወዝ በድርጅቱ ስኬል መሠረት። የሥራ ቦታ ወላይታ ሶዶ።» ከጎኑ አረንጓዴ ነጥብ፣ ከነጥቡ ቀጥሎ «ክፍት»። 0 ዓመት የሚል ማስታወቂያ በየቀኑ አይገኝም። «ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ» የሚለውን ለምዳ ስለነበር ስልኳን ለእናቷ አሳየቻት፤ እናቷም ለዘመን መለወጫው ለጊፋታ ቅቤ ከምታጠራቅምበት ገንዘብ 300 ብር ቆጥራ ሰጠቻት።

ማስታወቂያው በኢንተርኔት ቢወጣም ማመልከቻው «ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒውን ይዘው በአካል ይቅረቡ» የሚል ነው። ይህንንም አድንቄዋለሁ። ቴክኖሎጂው ቀጣሪውን ከድካም ያሳርፋል፣ አመልካቹን ደግሞ ከእንቅስቃሴ አያርቅም። ልጅቱ ሚኒባስ ያዘች፣ ከመናኸሪያ ባጃጅ ያዘች፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብታ ከስምንተኛ ክፍል ካርዷ ጀምሮ አባዛች። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ባለቤት ወረቀቱን እያስተካከለች «የዚያኛው ግቢ ነው አይደል? ዛሬ አንቺ አራተኛዋ ነሽ» አለቻት። ቀጣሪዎች ማስታወቂያቸውን በጊዜው መዝጋት የጀመሩ ዕለት ይህች ሴትዮ ማሽኗን ሸጣ ሻይ ቤት ትከፍታለች። የሥራ ዕድል ፈጠራ ማለት እንግዲህ እንዲህም ነው።

ግቢው በር ላይ ዘበኛው ፈተሿት፤ መታወቂያዋን ትታ ገባች። ከአስተዳደር ክፍሉ ሠራተኛ ጋር የተለዋወጡትን ቃል በቃል ነግራኛለች።

«እህቴ፣ መደቡ እኮ ተይዟል።»

«ክፍት ይላል እኮ።» ስልኳን ዘረጋችለት።

ስልኩን ተቀበላት፣ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ በጥሞና አነበበው። «ልክ ነሽ» አላት፣ «ማስታወቂያው ክፍት ነው። የተያዘው መደቡ ነው።»

የቅኔ ቤት ሊቃውንት ዘመናቸውን የሚፈጁለትን ሰምና ወርቅ ይህ ሰው በቁርስ ሰዓት ዘረፈው። ሰሙ «ክፍት»፣ ወርቁ «ተይዟል»። ምሥጢሩ ለገባው ቦዲቲ ቁጭ ብሎም ይገባዋል፤ ላልገባው ደግሞ ደርሶ መልስ የባጃጁን ጨምሮ 200 ብር ነው።

ልጅቱ ዶክመንቷን ልትመልስ ስትል «ተዪው፣ አይታወቅም» አላት። ያቺን «አይታወቅም» የሚያህል ቃል በአማርኛ የለም። ወረቀቷን ወስዶ መስኮቱ ሥር ከተከመረው ክምር ላይ አኖረው። ክምሩ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ እንዳይመስላችሁ፤ ከጎኑ አንድ እግሩ የተሰበረ ጠረጴዛ አለ፣ በተሰበረው እግር ፈንታ የአምና አመልካቾች ፎቶ ኮፒ ገብቶለታል፣ ከጠረጴዛው ላይ ደግሞ ፕሪንተሩ ተቀምጧል። የተማረ የሰው ኃይል የአገር ምሰሶ ነው ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ እንዲህ በዓይኔ ይታየኛል ብዬ ግን አልጠበቅሁም።

አባቶቻችን ደጅ ጥናት የሚሉት ነገር ነበራቸው። ሹመት ወይም ጉልት የሚሻ ሰው ከጌታው ደጅ ወራት፣ ሲብስም ዓመታት ይቆማል፤ ጌታው ሲወጣ እጅ ይነሳል፣ ሲገባ ይሸኛል። የጌታው ትልቅነት የሚለካውም ደጁን በሞላው ሰው ነበር። ነገር ግን ለጌታውም ጣጣ ነበረው፤ ያን ሁሉ ፊት በየማለዳው ማየት አለበት፣ አልፎ አልፎም ግብር ማብላት አለበት። ክፍት ማስታወቂያ ይህን ወጪ እንዳለ አስቀርቶታል። ደጅ ጠኚው አረካ ወይም ገሱባ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠናል፣ የራሱን እንጀራ ይበላል፣ ዳታውን በራሱ ካርድ ይሞላል። ጌታው ዘንድ የሚደርሰው ቁጥሩ ብቻ ነው። በግምገማ ላይ ተነስቶ «ለአንድ መደብ 412 ሰው አመለከተልን» ሲል ድምፁን የሚያወፍረው ለዚህ ነው። ማስታወቂያው ቢዘጋ እኮ ቁጥሩ 412 ላይ ይቆማል፤ ክፍት ከሆነ 500 ይገባል።

ይኸው ጥበብ ውስጥ ላለው ሠራተኛም ፍቱን መድኃኒት ነው። ሒሳብ ሠራተኛው ኑሮ ከበደኝ ብሎ የደመወዝ ጭማሪ ሊጠይቅ አለቃው ቢሮ ይገባል። አለቃው አይቆጣም፣ አይሰድብም፤ ኮምፒውተሩን ወደ እሱ ብቻ ያዞርለታል። አረንጓዴው ነጥብ እዚያ አለ። የገዛ ወንበሩ «ክፍት» ተብሎ። ሰውየው ይቅርታ ጠይቆ፣ በሩን በቀስታ ዘግቶ ይወጣል። (በዚያ ግቢ በሥርዓት ሲዘጋ የታየው እሱ በር ብቻ ነው።)

ቀጣሪዎቻችን መዝጋት አያውቁም የሚል ሐሜት ሰምቻለሁ። ስም ማጥፋት ነው። ዓርብ 11 ሰዓት ወጥቶ ሰኞ 3 ሰዓት የሚዘጋ ማስታወቂያ አላያችሁም? እኔ አይቻለሁ። መቼ እንደሚወጣ አስቀድሞ የሚያውቀው ሰው ዶክመንቱን ሐሙስ አዘጋጅቶ ስለሚያድር ከዚያ በላይ ክፍት ማቆየት ብክነት ነው። ያን ጊዜ ቁልፉ አይጠፋም፣ ኔትወርክ አይቋረጥም፣ መብራት አይሄድም። እንግዲያው ችሎታው አላቸው ማለት ነው፤ ለሚገባው ሰው ቆጥበው ነው የሚጠቀሙበት። ሌላም የሚደነቅ ዘዴ አለ፦ የሦስት ወሩን ማስታወቂያ ሰኞ ሰኞ እንደገና መልቀቅ። ቀኑ ይታደሳል፣ «ዛሬ የወጣ» ይባላል፣ ቻናሉ ላይ ከላይ ይመጣል። ድንግልናው በየሳምንቱ የሚመለስለት ማስታወቂያ!

በዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ወላይታ መዝጋትን የማያውቅ አገር አለመሆኑ ነው። ጥር 29 ቀን 2015 በአዲስ ክልል ምሥረታ ላይ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ ምርጫ ቦርድ በወላይታ ዞን የተሰጠውን ድምፅ በጥሰት ምክንያት ሰረዘው፣ መሰረዙንም ለሁሉ አሳወቀ፤ ሰኔ 12 ዳግም ድምፅ ተሰጠ፤ በነሐሴ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፣ ሶዶም ከመቀመጫ ከተሞቹ አንዷ ሆነች። የአንድ ዞን ሕዝብ ጉዳይ ተከፍቶ፣ ተሰርዞ፣ ዳግም ተከፍቶ፣ ተቆጥሮ፣ ውጤቱ ተነግሮ ያለቀው በሰባት ወር ነው። ለአንድ ሒሳብ ሠራተኛ መደብ ሰባት ወር መቼ ይበቃና!

ጊፋታም አለላችሁ። መስከረም ላይ የሚመጣው ይህ የወላይታ ዘመን መለወጫ ከመድረሱ በፊት ዕዳ ያለበት ይከፍላል፣ የተጣላ ይታረቃል። ወንዶቹ በማኅበር ባጠራቀሙት ገንዘብ በሬ ይገዛሉ፣ ሴቶቹ የቅቤ ቁጠባቸውን ያነሳሉ። የአሮጌው ዓመት ጣጣ ወደ አዲሱ እንዲሻገር አይፈለግም። እንግዲህ በጊፋታ ሳይዘጋ የሚሻገር አንድ ሒሳብ ቢኖር የሒሳብ ሠራተኛው ማስታወቂያ ነው።

ፈረንጆች በዚህ ነገር ከእኛ ወደ ኋላ መቅረታቸውን ስሰማ አዘንኩላቸው። በእነሱም አገር ሰው የማይቀጠርበት ማስታወቂያ ሞልቷል፤ «የሙት መንፈስ ሥራ» የሚል ስም አውጥተውለታል። (እኛ ከጥንት ጀምሮ ላም አለኝ በሰማይ ብለን ጨርሰነዋል።) ግን አልቻሉበትም። በካናዳዋ ኦንታሪዮ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ጀምሮ 25ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ ማስታወቂያ ሲያወጣ ክፍት መደብ በእርግጥ መኖር አለመኖሩን እንዲጽፍ ታዟል። ለቃለ መጠይቅ የጠራውንም ሰው በ45 ቀን ውስጥ ቅጥሩ መወሰን አለመወሰኑን ማሳወቅ አለበት። በ45 ቀን! እኛ ዘንድ በ45 ቀን ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል አይሻገርም። ደግሞስ አመልካችን «አልተቀጠርክም» ብሎ ማስደንገጥ ምን የሚሉት ጭካኔ ነው? የእኛ ቀጣሪ ደግ ነው፤ ክፉ ወሬ አይናገርም፣ ዝም ይላል። ዝምታውን ሰምቶ ተስፋ የቆረጠ ደግሞ ራሱ ቸኩሎ ነው።

ሚያዝያ ላይ የእህቴ ልጅ ስልኳን ይዛ መጣች። «አጎቴ፣ አሁንም ክፍት ይላል፤ ምናልባት ያኛው ለቅቆ ይሆን?» ያቺ «አይታወቅም» ስድስት ወር ሙሉ ሆዷ ውስጥ ስትሠራ ኖራለች ማለት ነው። ይዣት ሄድኩ። እኔም ሽማግሌ ስለሆንኩ ዘበኛው ሳይፈትሹኝ አሳለፉኝ፤ የአስተዳደሩ ሠራተኛም ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ። ጨዋ ሰው ነው። ሒሳብ ሠራተኛው አልለቀቀም፤ ከመስታወቱ ማዶ ሲሠራ አየነው።

«ልጄ፣ ታዲያ ይህን ነገር ለምን አትዘጉትም?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እኛም እኮ አስበን ነበር» አለ አንገቱን እያሻሸ። «የይለፍ ቃሉ የለንም። የከፈተው የሰው ኃይል ባለሙያችን ነበር፤ እሱ ደግሞ በኅዳር ለቀቀ።»

«ደውላችሁ አትጠይቁትም?»

«ስልክ አያነሳም።»

«በእሱ ቦታ ሰው አልቀጠራችሁም?»

«ለመቅጠር ማስታወቂያ ማውጣት አለብን» አለኝ። «ለማውጣት ደግሞ በይለፍ ቃሉ መግባት አለብን።»

ምንም አልመለስኩለትም፤ የሚመለስም አልነበረውም። ልጅቱ ከክምሩ ዶክመንቷን ፈልጋ ልትወስድ አጎነበሰች፤ የእሷ ከጠረጴዛው እግር ሥር ስለገባ ፕሪንተሩን ማንሳት ያስፈልግ ነበርና ተወችው።

ስንወጣ ዘበኛው በሩ ላይ ቆመው አንድ ወረቀት አራት ጥጉን ሙጫ ይቀባሉ። «የሰው ኃይል ባለሙያ፣ ብዛት 1፣ ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ የሥራ ቀናት» ይላል። ልጅቱ በስልኳ ፎቶ አነሳችው።

መናኸሪያ ሳንደርስ ዝናቡ ያዘን።