ብርድ ቀዳዳ አይስትም

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ጉብ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የልብስ ቀዳዳ የመልክ ጉዳይ መሆኑ ይቀርና የጤና ጉዳይ ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ጉልበቱ የተቦጫጨቀ ጂንስ ከደህናው እኩል ዋጋ ይጠራለታል፤ ያንኑ ሱሪ አጥልቆ በማለዳ ከከተማዋ አጠገብ ባለው የሊማሊሞ አፋፍ ላይ የቆመ ጎረምሳ ግን መጀመሪያ ፋሽኑን፣ ቀጥሎ ጉልበቱን ይረሳል። ስለዚህ በስሜን ተራሮች ግርጌ ልብስ መጣፍ ከቁጠባ ይልቅ እሳት ከማንደድ ጋር ሊመደብ ይገባዋል፤ ማገዶውም አንዲት መርፌና አንድ ክንድ ክር ብቻ ነው።

ጋቢ የሚያሞቀው ጥጡ የራሱ ትኩሳት ኖሮት አይደለም። አራት እጥፍ ሲሆን በየእጥፉ መካከል አየር ያስራል፤ የታሰረው አየር የገላን ሙቀት ይዞ ያቆያል። ቀዳዳ ሲገኝ እስረኛው ሾልኮ ይወጣና የተራራው ነፋስ በቦታው ይገባል። አጠጋገኑም እንዲሁ ምክንያት አለው። ቀዳዳውን እንደ ጆንያ አፍ ጨምድዶ ማሰር ጨርቁን ስለሚወጥረው ጎኑ ይተረተራል። ይልቅ ድርና ማጉን ተከትሎ፣ አንዱን ክር ከላይ አንዱን ከታች እያሳለፉ ትንሽ ሸማ መሸመን ነው። ክሩም ከጨርቁ አይበርታ፤ ናይለን ክር ያረጀ ጥጥን እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። ቱሪስት ከስሜን ተራሮች ፓርክ ሲመለስ ለበቅሎ ነጂው ትቶለት የሚሄደው ላባ የተሞላ ጃኬት ግን ሌላ ሕግ አለው፦ እያንዳንዱ የመርፌ ቀዳዳ ለላባው አዲስ በር ስለሆነ፣ መርፌውን ትቶ ጠንካራ ፕላስተር መለጠፍ ይሻላል። ዚፕ ከተበላሸ ወደ ልብስ ሰፊው ይሂድ፤ እሱም ይብላ እንጂ!

«ሰልባጅ እያለ ማን ዓይኑን ያፈዛል?» የሚል አይጠፋም። ሰልባጁም ቢሆን ባሕር ማዶ ያለ ሰው ክርኑን አሳስቶ የላከው ነው። የራስን ቀዳዳ ጥሎ ገና ያልተከፈተ የሰው ቀዳዳ መግዛት ምኑ ትርፍ ነው? ከበድ የሚለው ክርክር የእፍረቱ ነው። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት በዳባት ገበያ «ድሪቶ ለባሽ» መባል ቀላል ነገር አይደለም፣ አልክድም። ነገር ግን እራፊው ተመሳሳይ ቀለም ኖሮት ከውስጥ በኩል ከተጣፈ የሚያየው ባለቤቱና አጣቢው ብቻ ናቸው። ቀዳዳውን በጋቢ እጥፍ ሸሽጎ መሄድ ግን ጎረቤትን እንጂ ብርድን አያታልልም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከወንዶች ወገን ይመጣል፤ «መርፌ የሴት ነው» ይላሉ። ይህን የሚለው ሰው የለበሰውን ጋቢ የሸመነው ብዙውን ጊዜ ወንድ ነው፤ ሱሪውን በረንዳ ላይ በሲንጀር መኪና የሰፋለትም እንዲሁ። ያ እጅ ለገንዘብ ሲሆን ጥበበኛ፣ የቤቱን ደፍ ሲረግጥ ሽባ የሚሆንበት ምክንያት አልታየኝም፤ ስንፍና ነው ብዬ ፈርጃለሁ። እናም ወንድሜ፣ የታኅሣሥ ውርጭ ሳይደርስ ካልሲህን ገልብጠህ ተረከዙን እየው፤ መርፌውንም ከሚስትህ ተዋስ፣ ሚስትህን ግን አትጥራት።