ብርቱካን፦ የአንድ ስም ጥናት ከነልጣጩ

ብርቱካን የሚለው የሴት ስም መነሻው ፖርቱጋል ነው። ጣፋጩን ዘር ከሩቅ ምሥራቅ አምጥተው በገበያ ያስፋፉት የዚያች አገር ነጋዴዎች ስለነበሩ ዐረቡ ፍሬውን ቡርቱቃል፣ ቱርኩ ፖርታካል፣ ግሪኩ ፖርቶካሊ አለው። እኛ ዘንድ ሲደርስ «ል» በ«ን» ተተካች፤ ምክንያቷን ለማንም አላስረዳችም። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1541 ከ400 ያህል ወታደር ጋር ምጽዋ የወረደው ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ አመጣው የሚል ካለ ይተወው። ፖርቱጋሎች ፍሬውን ላራንዣ ነው የሚሉት።

ሁለተኛው መላምት ቃሉን ለሁለት ይሰነጥቀዋል፦ «ብርቱ» እና «ካን»። ማስረጃው ጎረቤት ሁሉ ባለስሟን «ብርቱ» እያለ መጥራቱ ነው። ስለ «ካን» ግን መላምቱ ዝም ይላል።

ዋናው ችግር ሌላ ነው። ትርንጎ፣ ሎሚ፣ ሮማን የሚባሉ ሴቶች አሉ፤ ወይንም «ወይንሸት» ሆና ገብታለች። ሙዝ የምትባል ሴት ግን የለችም። መስፈርቱ ምንድን ነው? ጣፋጭነት እንዳንል ሎሚ አለች። ቢጫነት እንዳንል ማንጎ ውጭ ቀርታለች። ከዐረብ አገር መምጣት እንዳንል ሙዝም ስሟን ያገኘችው ከዚያው ነው። ክብነት እንዳንል ዱባ አለ፤ ለልጁ ዱባ የሚል ስም የሚያወጣ አባት ደግሞ ከሚስቱ ቤተሰብ ጋር መነጋገር ይኖርበታል። አጥኚው ወደ መዓዛ ያደላል፤ ሮማን ግን ምንም ስለማትሸት ይህም አልጸናም።

ብርቱካን ከእህቶቿ የምትለይበት አንድ ነገር አለ። በጥምቀት ጎረምሳ ለወደዳት ልጅ የሚወረውረው ሎሚ ነው፤ ብርቱካን የወረወረ አልታየም። ዋጋዋን የሚያውቅ አይወረውራትም፣ ክብደቷን የሚያውቅም ደረት ላይ አያነጣጥርም። ብርቱካን በፌስታል ሆና የምትሄደው ታማሚ ለመጠየቅ ነው።

ወንዶች በፍሬ አይሰየሙም። ለነሱ ጎሹ፣ አንበሳው፣ ነብሮ አለ፦ ወንዱ ከዱር፣ ሴቷ ከጓሮ። ሁለተኛው ስማችን የአባት በመሆኑም ትውልድ በተቆጠረ ቁጥር ጎሹ ይነሣል፤ ብርቱካን ግን ይህን ሁሉ ዘመን ወልዳ አሳድጋ በማንም ልጅ ስም ጀርባ አልተጻፈች።